«ሪፖርቱ ለምን ይመለስብኛል?»፦ ለአንዲት የሐዋሳ የሕክምና ሪፖርት ጸሐፊ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በሴክሬታሪነት ተመርቀው ሐዋሳ በአንድ የግል ሆስፒታል የሪፖርት ጸሐፊ ሆነው ከተቀጠሩ አራት ወር ሆኗቸዋል። በደቂቃ 50 ቃል ይጽፋሉ። የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ሪፖርት በቴሌግራም ድምፅ ይመጣላቸዋል፤ የኦፕራሲዮን ኖትና የመውጫ ማጠቃለያ በእጅ ጽሑፍ፤ የፓቶሎጂውን (ከታካሚው አካል የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ደግሞ ሐኪሙ አጠገባቸው ሆኖ ያነብላቸዋል። «ፈጥኜ ስሰጥ ይመለስብኛል፣ ስዘገይ ታካሚው መስኮቱ ላይ ቆሞ ይቆጣል። የትኛውን ሪፖርት እንዴት ልያዝ? ይህንኑ ሥራ በኢንተርኔት ለውጭ አገር መሥራትስ ይቻላል?» ብለዋል።

ፍጥነትዎ በቂ ነው። ሐኪም ሲናገር በደቂቃ ከ120 እስከ 150 ቃል ያወጣል፤ ስለዚህ በ50 ቃል ፍጥነት የአንድ ደቂቃ ድምፅ ለመጻፍ ብቻ ወደ 3 ደቂቃ ይፈጃል። ወደኋላ መመለሱና ማመሳከሩ ሲጨመር 4 ወይም 5 ይሆናል። የ6 ደቂቃ የሲቲ ስካን ድምፅ ግማሽ ሰዓት ቢወስድብዎት ስንፍና አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። ይህን ሒሳብ ለክፍሉ ኃላፊ በወረቀት ያሳዩ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ «አሁን ይደርሳል» ማለቱን ትቶ ትክክለኛ ሰዓት ይናገራል፣ የታካሚውም ቁጣ ግማሹ በዚያው ይቀራል።

ሪፖርት የሚያስመልሰው ተራ የፊደል ግድፈት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ራሱ በቀይ መስመር ይነግርዎት ነበር። እያንዳንዱ የሪፖርት ዓይነት አንድ ወይም ሁለት ስስ ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ አንዲት ነጥብ ብትዛነፍ የታካሚው ሕክምና ይቀየራል። ገጹን ሁሉ እኩል ደጋግሞ ለማንበብ ጊዜ አይበቃም። የየዓይነቱን ስስ ቦታ አውቆ እዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ማንበብ ግን ይቻላል፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱን ነው።

መጀመሪያ ግን የድምፁ አያያዝ። በስልክ እየሰሙ በኮምፒውተር መጻፍ ይብቃ፤ እጅ ከኪቦርድ ወደ ስልክ በተመላለሰ ቁጥር ዓይንም መስመሩን ይስታል። ድምፁን ወደ ኮምፒውተር አውርደው ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ይክፈቱት። በቪኤልሲ ቅንብር ውስጥ ሆትኪስ የሚባለው ገጽ ላይ ግሎባል የሚል ዓምድ አለ፤ ለማጫወቻና ለማቆሚያ፣ ለአጭር ወደኋላ መመለሻ፣ ፍጥነት ለመቀነሻ እዚያ ቁልፍ ከመደቡ፣ ወርድ ላይ እየጻፉም ይታዘዝልዎታል። በጣም አጭሩ ዝላይ 3 ሰከንድ ነው፤ አንድ ሐረግ ደግሞ ለመስማት በቂ ነው። ተናጋሪው ፈጣን ከሆነ ወደ 80 በመቶ ያውርዱት፤ በጣም ካወረዱት ግን ድምፁ ይጎተትና ይባሱን አይለይም። ሆስፒታሉ መግዛት ከቻለ ባለ ሦስት መርገጫ የዩኤስቢ ፔዳል እጅን ሙሉ በሙሉ ነፃ ያወጣል፤ እንደ ኤክስፕረስ ስክራይብ ካለ የማዳመጫ ፕሮግራም ጋር ይሠራል። ሁለቱንም ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ ያስፈልጋል፤ ለጥራቱ ብቻ አይደለም፣ የታካሚው ነገር ክፍሉ ውስጥ እንዳይሰማም ነው። መብራት ስለሚቋረጥ ደግሞ ወርድ በየ10 ደቂቃው የሚያደርገውን ኦቶሪከቨር፣ ማለትም ሥራው እንዳይጠፋ በራሱ የሚያስቀምጠውን ቅጂ፣ ወደ 2 ደቂቃ ዝቅ ያድርጉት።

ወደ ዓይነቶቹ ስንመጣ፣ ከሁሉም ብዙ የሚመለሰው የአልትራሳውንድ ሪፖርት ነው፤ አጭርና ቀላል ስለሚመስል። የታካሚው መለያ፣ የምርመራው ምክንያት፣ ግኝቱ፣ ኢምፕሬሽን የሚባለው ማጠቃለያና ፊርማ፤ ያ ነው። ሲቲና ኤምአርአይ ላይ ቴክኒኩና ከቀድሞ ምርመራ ጋር የተደረገው ንጽጽር ይጨመራሉ። ስስ ቦታው ቴምፕሌቱ፣ ማለትም አስቀድሞ የተዘጋጀው ቅጽ ነው። ሐኪሙ ጉበቱን ከገለጸ በኋላ «የተቀረው ኖርማል» ይልና ድምፁን ይዘጋል፤ የተቀረውን ቴምፕሌቱ ይሞላዋል። በዚህ መንገድ የሐሞት ከረጢቱ ከዓመታት በፊት በኦፕራሲዮን የወጣለት ሰው «የሐሞት ከረጢቱ ግድግዳ ጤናማ ነው» የሚል ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ በወንድ ሪፖርት ላይ ማሕፀን የሚወጣውም እንዲሁ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ያለፈውን ታካሚ ፋይል ከፍቶ ስሙን ብቻ ቀይሮ በሌላ ስም ማስቀመጥ ነው። ይህን ልማድ ዛሬውኑ ይተዉ፤ የሰውዬው ጠጠር ወደ ሌላው ሰው የሚሻገረው በዚህ በር ነው።

መፍትሔው ቴምፕሌቱን ባዶ አድርጎ መሥራት ነው። ለሆድ ምርመራ የወንድና የሴት ብለው ሁለት ያዘጋጁ። መለኪያ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ሦስት ኮከብ ያስቀምጡ፤ እያንዳንዱ አካልም የራሱ መስመር ይኑረው። ሪፖርቱ ሲያልቅ በወርድ መፈለጊያ ኮከቡን ይፈልጉ፤ አንድም ከተገኘ ሪፖርቱ አላለቀም። «የተቀረው ኖርማል» የሚለውን ደግሞ ከሬዲዮሎጂስቱ ጋር አንድ ጊዜ ተቀምጠው ይተርጉሙት፦ የትኞቹ አካላት ማለቱ ነው? በምን ቃል ይጻፍ? እሱ ያጸደቀው ዓረፍተ ነገር ነው ቴምፕሌት ውስጥ የሚገባው፤ እርስዎ ያሳመሩት አይደለም።

ቀጥሎ ግኝቱንና ማጠቃለያውን ጎን ለጎን ያድርጉ። ማጠቃለያው ላይ ያለ እያንዳንዱ ነገር ግኝቱ ውስጥ ጓደኛ ሊኖረው ይገባል፤ ጎኑም መጠኑም አንድ ሆኖ። ላይ «በቀኝ ኩላሊት 8 ሚሊሜትር ጠጠር» ብሎ ታች «የግራ ኩላሊት ጠጠር» ካለ ራስዎ አይወስኑ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ከምስሉ የሚያየው ሐኪሙ ብቻ ነው። መለኪያም ሲያልፍብዎ እንዲታወቅዎት ጥቂት ቁጥር በቃልዎ ይያዙ፦ የአዋቂ ሰው ኩላሊት ርዝመት በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 ሳንቲሜትር ነው፤ ዋናው የሐሞት ቱቦ ስፋት በተለምዶ እስከ 6 ሚሊሜትር ነው። «ቱቦው 6 ሳንቲሜትር» ብለው ከጻፉ ጆሮዎ ወይም የሐኪሙ ምላስ ተሳስቷል። የፕሮስቴት መጠን የሚሰላው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተባዝቶ በ0.52 ሲባዛ ነው፤ 5 በ4 በ3 ሳንቲሜትር ከተባለ 31 ሚሊሊትር ገደማ ይመጣል። ድምፁ ላይ የሰሙት 51 ከሆነ ከአራቱ ቁጥሮች አንዱ ስቷል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ አይገምቱ፤ ይጠይቁ።

የእርግዝና አልትራሳውንድ የራሱ ጣጣ አለው። እናትየዋ የመጨረሻ የወር አበባዋን በእኛ አቆጣጠር ትናገራለች፣ ማሽኑ የሚያሰላው በፈረንጆቹ ነው። በእኛ አቆጣጠር የመውለጃ ቀን ሲሰላ 9 ወር ይደመርና፣ ጳጉሜ መሃል ካልገባች 10 ቀን፣ ከገባች 5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 4 ቀን ይጨመራል፤ በሦስቱም መንገድ ድምሩ 280 ቀን ነው። የወር አበባዋ መስከረም 1 የታየ ሴት ሰኔ 11፣ ታኅሣሥ 1 የታየ ደግሞ ጳጉሜ አምስት ስትሆን መስከረም 6 ይወጣላታል። ይህችን ስሌት ማወቅ የሚጠቅምዎት ሐኪሙን ለማረም አይደለም፤ የተነገረው ቀን በአሥር ቀን ወይም በወር ሲዛነፍ ወዲያው እንዲታይዎት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በወር አበባ የተሰላውና በፅንሱ ልኬት የተሰላው የመውለጃ ቀን ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው። ስላልተስማሙ አንዱን በአንዱ አይተኩ፤ አለመስማማታቸው ራሱ ለሐኪሙ መረጃ ነው።

ፓቶሎጂ ላይ ሐኪሙ አጠገብዎ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፣ ይጠቀሙበት። የናሙናው ምንጭ፣ በዓይን የታየው ገለጻ፣ በማይክሮስኮፕ የታየው፣ ከዚያ ዲያግኖሲስ፣ ማለትም የተለየው በሽታ። በዓይን የታየው ክፍል ቁጥር ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ የቁራጩ ስፋት በሳንቲሜትር፣ ስንት ካሴት (የናሙና መያዣ ትንሽ ሣጥን) እንደተወሰደ። እሱን መልሰው ያንብቡለት። ዲያግኖሲሱ ላይ ግን የቃሉ ጅራት ወሳኝ ነው። ሊፖማ የስብ እብጠት ነው፣ ሊምፎማ የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር ነው። አዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ እብጠት) እና አዴኖካርሲኖማም (ካንሰር) በመሃላቸው ያለው ርቀት የዚሁ ያህል ነው። ሜታፕላዢያ፣ ዲስፕላዢያ፣ ሃይፐርፕላዢያ፣ ኒዮፕላዢያ አራቱም አንድ ጅራት ይዘው የተለያየ ነገር ይናገራሉ። የፕሮስቴት ካንሰር ላይ ግሊሰን በሚባለው የክፋት ደረጃ 3+4 እና 4+3 ሁለቱም 7 ናቸው፤ ግን የመጀመሪያው ቁጥር በብዛት የታየውን ስለሚያመለክት 4+3 የከፋው ነው። ድምሩ ትክክል ስለሆነ ብቻ ቅደም ተከተሉን ችላ አይበሉ።

የኦፕራሲዮን ኖት ከእጅ ጽሑፍ ስለሚገለበጥ ችግሩ የጆሮ ሳይሆን የዓይን ነው። ቅደም ተከተሉ ከሆስፒታል ሆስፒታል ብዙም አይለያይም፦ ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ ያለው ዲያግኖሲስ፣ የተሠራው ሥራ፣ ቀዶ ሐኪሙና ረዳቱ፣ የማደንዘዣው ዓይነት፣ የተገኘው ነገር፣ የአሠራሩ ዝርዝር፣ የፈሰሰው ደም ግምት፣ ወደ ፓቶሎጂ የተላከ ናሙና፣ የጎዝና የመሣሪያ ቆጠራ፣ የተፈጠረ ችግር ካለ። ጎኑን፣ ማለትም ቀኝ ወይም ግራውን፣ በሦስት ቦታ ያመሳክሩ፦ ዲያግኖሲሱ ላይ፣ የሥራው ስም ላይ፣ ዝርዝሩ ውስጥ። ሦስቱ ካልገጠሙ ወረቀቱ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ይመለሳል። ብዙ ጸሐፊ የማያውቀው የስፌት ክር ቁጥር ነው። 2-0 የሚባለው «ቱ ዜሮ» ክር ቀጭን ነው፤ 2 ግን ከእሱ በብዙ የወፈረ ሌላ ክር ነው። ሰረዟንና ዜሮዋን የጣለ ጸሐፊ ቆዳ የተሰፋበትን ክር ወደ ሌላ ነገር ቀየረው ማለት ነው። የጎዝ ቆጠራ መስመሩ ባዶ ሆኖ ከመጣ ደግሞ «ቆጠራው ትክክል ነው» ብለው በልማድ አይሙሉት። በኋላ ክስ ቢመጣ መጀመሪያ የሚነበበው ያ መስመር ነው። የማዋለጃ ኦፕራሲዮን ከሆነ የሕፃኑ ክብደት በግራም፣ አፕጋሩ (እንደተወለደ ያለበትን ሁኔታ የሚለካው ነጥብ) በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ተለይቶ ይጻፋል።

የመውጫ ማጠቃለያ ረጅሙ ነው። ረጅም ስለሆነም ሰው ጉልበቱን ታሪኩ ላይ ጨርሶ መድኃኒቱ ጋ ሲደርስ ይደክማል። የተገላቢጦሽ ያድርጉት፤ የመድኃኒቱን ዝርዝርና ቀኖቹን መጀመሪያ ይጻፉ፣ ታሪኩን ኋላ። አንድ መድኃኒት ስድስት ነገር አለው፦ ስም፣ መጠን፣ መለኪያ፣ በምን እንደሚሰጥ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን። አንዱ ከጎደለ ይጠየቃል።

መጠን ሲጻፍ ጥብቅ ሕግ አለ። ከነጥብ በፊት ዜሮ ይኑር፤ ዲጎክሲን 0.25 ሚሊግራም የሚለው ዜሮው ከቀረ ነጥቧ በፎቶ ኮፒ ትጠፋና 25 ሆኖ ይነበባል። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ደግሞ ነጥብና ዜሮ አይጨመርም፤ ዋርፋሪን 5.0 በዚያው ምክንያት 50 ይሆናል። የኢንሱሊን ዩኒት ዩ በምትባለው አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አሳጥሮ አይጻፍም፤ ያቺ ፊደል ዜሮ ትመስልና 4 ዩኒት 40 ሆኖ ይነበባል። ማይክሮግራም ሙሉውን ይጻፍ፤ ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም በስህተት ሚሊግራም ቢሆን ሺህ እጥፍ ነው። «በቀን አንድ ጊዜ» የሚለውን ኪውዲ የሚባለውን አጽሕሮት ትተው በሙሉ ቃል ይጻፉት፤ በቀን አራት ጊዜ ከሚለው ኪውአይዲ ጋር የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። በድምፅ ሲመጣ ደግሞ ቢአይዲና ቲአይዲ፣ ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ፣ በስልክ ቅጂ ላይ ፈጽሞ አይለዩም። ፊፍቲንና ፊፍቲ፣ ሰርቲንና ሰርቲም እንዲሁ። ለዚህ ጆሮ ማሠልጠን ዋጋ የለውም፤ ሐኪሞቹን «ዋን ፋይቭ»፣ «ፋይቭ ዚሮ» ብለው አሃዝ በአሃዝ እንዲናገሩ መለመን ነው የሚያዋጣው። አብዛኞቹ አንዴ ምክንያቱ ከተነገራቸው ያደርጉታል።

ቀኑ ሌላው ስስ ቦታ ነው። 05/06/17 የሚል ቀን ሐዋሳ ላይ የካቲት 5 ቀን 2017 ነው። ሪፖርቱ ውጭ አገር ያለ ሐኪም እጅ ሲገባ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ጁን 5 ወይም ሜይ 6 ይሆናል፤ በእነሱ ዘንድ ደግሞ ታካሚው ከስምንት ዓመት በፊት ታክሞ ነበር ማለት ነው። ወሩን ሁልጊዜ በስም ይጻፉ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አይርሱ። ሲለውጡም የስልክ ካላንደር ይጠቀሙ እንጂ በቃል አያሰሉ፤ ጥር 1 ቀን 2017 ጃንዋሪ 9 ሲሆን ጥር 1 ቀን 2016 ግን ጃንዋሪ 10 ነው፣ ምክንያቱም 2015 ጳጉሜዋ ስድስት ነበረች። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ይቆይና ይጠፋል፤ በ2020ም ይመለሳል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ነርሷ «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ገባ» ብትል በ24 ሰዓት አቆጣጠር 02:00 ነው፤ በፈረንጆቹ ልማድ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ስለተቀየረ ደግሞ ማክሰኞ ሊሆን ይችላል። የሞትና የልደት ሰዓት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ለማክሰኞ አጥቢያ ወይም ለሰኞ አጥቢያ ማለቷ እንደሆነ ይጠየቅ።

የሪፈር ወረቀትና የሕመም ፈቃድ አጭር ናቸው፤ ስምና ቀናት ከገጠሙ ብዙ አይመለሱም። ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት የሚጠይቀው የጉዳት ማስረጃ ግን በአማርኛ ሲጻፍ ከባድ ነው፣ ጸሐፊው ሳያውቀው ተርጓሚ ስለሚሆን። ሐኪሙ ሌሰሬሽን ሲል በሕክምናው ቋንቋ በደነዘዘ ነገር ተመትቶ የተተረተረ ቁስል ማለት ነው፤ ኢንሳይዝድ ሲል በስለት የተቆረጠ። ሁለቱንም «የተቆረጠ ቁስል» ብለው ካለፉ በዱላ የመታው ሰው በቢላ ቆረጠ ሊባል ነው። አብሬዥን መላላጥ፣ ኮንቱዥን ሰንበር ወይም የደም መቋጠር ይባላል፤ ግን ለእያንዳንዱ ቃል የአማርኛውን አቻ ሐኪሙ ራሱ በጽሑፍ ይስጥዎት፣ ጠረጴዛው ላይ ይለጠፍ። ቦታ፣ ጎን፣ ርዝመት በሳንቲሜትር፤ ከዚያ ያለፈ አስተያየት እርስዎ ጋ አይጨመርም። ሌላም አለ፤ ይህን ወረቀት በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎች ከጻፉት በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል። በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ኒያላ ወይም ኤብሪማ የሚባለው ፊደል ይበቃል።

ድምፃቸው ስለሚገጥም ቃላት ሙሉ ዝርዝር መስጠት አይቻልም፣ ብዙ የሚያሳስቱትን ላንሳ። ኢሊየም ሁለት ነው፦ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መሃሉ ላይ ኢ ፊደል ያለው የትንሹ አንጀት መጨረሻ ነው፣ አይ ፊደል ያለው የዳሌ አጥንት። ዩሬተር ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ ነው፣ ዩሬትራ ከፊኛ ወደ ውጭ የሚያወጣው። ዲስፋጂያ የመዋጥ ችግር፣ ዲስፋዢያ የንግግር ችግር። ፔሪኒያል በብልትና በፊንጢጣ መሃል ያለው አካባቢ፣ ፔሮኒያል በባት ውጨኛ ጎን ያለው። ሃይፖ (ከልክ ያነሰ) እና ሃይፐር (ከልክ ያለፈ) ተቃራኒ ናቸው፤ ቀጥሎ የተጠቀሰው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል። የደም ግፊቱ 80 በ50 ሆኖ «ሃይፐርቴንሽን» ከሰሙ ይጠርጥሩ። ከመድኃኒት ሃይድራላዚን የግፊት ነው፣ ሃይድሮክሲዚን የአለርጂና የማሳከክ። ኤምኤስ የምትለው አጽሕሮት ደግሞ የልብ ቫልቭ ጥበት፣ የነርቭ በሽታ፣ ሞርፊንም ልትሆን ትችላለች፤ ዲያግኖሲስ መስመር ላይ አጽሕሮት አይቀመጥ፣ የሚፈታው ግን ሐኪሙ ነው። የወርድ ፊደል ማረሚያ ከእነዚህ አንዱንም አይዝም፣ ሁሉም በትክክል የተጻፉ ቃላት ናቸውና። እንዲያውም አንዴ ቸኩለው የተሳሳተ ቃል ወደ መዝገበ ቃላቱ ከጨመሩ ከዚያ ወዲያ ስህተቱን እያጸደቀ ይኖራል፤ የጨመሩትን ዝርዝር በወር አንዴ ከፍተው ያጽዱ።

የስም ነገር ሐዋሳ ላይ በተለይ ያስቸግራል። ከሻሸመኔ፣ ከይርጋለም፣ ከዲላ፣ ከሶዶ የሚመጣ ታካሚ አለ፤ ስሙ በአማርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በኦሮምኛ አጻጻፍ መታወቂያው ላይ ሰፍሯል። በአፋን ኦሮሞና በሲዳምኛ የላቲን አጻጻፍ ሲ የምትባለው ፊደል «ጭ»፣ ኤክስ ደግሞ «ጥ» ናት፤ በእንግሊዝኛ ልማድ «ላስተካክለው» ያለ ጸሐፊ ጫልቱን ሌላ ሰው ያደርጋታል። ካርድ ክፍል የመዘገበውን ፊደል በፊደል ይከተሉ፣ እስከ አያት ስም ድረስ ይጻፉ፣ ከካርድ ቁጥሩና ከዕድሜው ጋር ያመሳክሩ። በአንድ ቀን ሁለት አበበ ከበደ መምጣታቸው ብርቅ አይደለም።

ያልሰሙትን ወይም ማንበብ ያቃትዎትን ሲያገኙ ባዶ መስመር ይተዉና ድምፁ ላይ ያለበትን ደቂቃ አጠገቡ ይጻፉ፤ ለምሳሌ «02:14» ብለው። ሐኪሙ ፋይሉን ሁሉ ሳይሰማ በቀጥታ እዚያ ይሄዳል። ጥያቄዎችን አንድ በአንድ ይዞ ከመሮጥ ሰብስቦ በቀን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይሻላል፤ አስቸኳይ ሪፈርና ድንገተኛ ክፍል ሲቀሩ። ሐኪም የሚያስቆጣው ባዶ መስመር ሳይሆን ተገምቶ የተሞላ መስመር ነው። ሪፖርቱ ግርጌ የተነገረበትና የተጻፈበት ቀን፣ የሐኪሙና የጸሐፊው ስም መነሻ ፊደላት ይቀመጡ። ከፊርማ በኋላ ስህተት ቢገኝ የድሮውን ፋይል ከፍቶ ማረም ክልክል ነው፤ የእርምት ማስታወሻ በራሱ ቀንና ሰዓት ተጽፎ ሐኪሙ ይፈርምበታል፣ የመጀመሪያውም እንዳለ ይቀመጣል።

የእጅ ፍጥነት ከፈለጉ አጽሕሮት ሲጻፍ ሙሉውን ሐረግ በሚተካው የወርድ ኦቶኮሬክት ላይ ይሥሩ። በሳምንት አሥር ሐረግ ብቻ ይጨምሩ፤ ብዙ የሚደጋገመውን። አጽሕሮቱ ግን በራሱ ቃል የሆነ ነገር መሆን የለበትም፤ አለዚያ በሌላ ዓረፍተ ነገር መሃል ሳይጠራ ይፈነዳል። «የለም» የሚል ትርጉም ያለውን ሐረግና «አለ» የሚለውን በአንድ ፊደል ብቻ በሚለያይ አጽሕሮት ፈጽሞ አይመድቡ።

ምስጢርን በተመለከተ፣ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት መረጃ ነው። የቴሌግራሙ ድምፅ በግል ስልክዎ ላይ መከማቸቱ ለእርስዎም አደጋ ነው፤ ለሥራ ብቻ የሚሆን ስልክና አካውንት ይጠይቁ፣ ሐኪሙም በድምፁ ውስጥ ከሙሉ ስም ይልቅ የካርድ ቁጥር ይናገር። ሪፖርቱ ከተፈረመ በኋላ ድምፁ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚጠፋ ሆስፒታሉ በጽሑፍ ይወስን። ፍላሽ ይዘው ወደ ጎረቤት ማተሚያ ቤት አይሂዱ። ድምፅን በራሱ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነፃ ድረ ገጽ ላይ መጫንም ያው ፍላሽ ነው፤ በዚያ ላይ እነዚህ ፕሮግራሞች ዝምታ ወይም ጫጫታ ሲያጋጥማቸው ማንም ያልተናገረውን ዓረፍተ ነገር አሳምረው ይጽፋሉ።

የውጭ አገሩ ሥራ አለ፣ ግን መልኩ ተቀይሯል። አሜሪካ ውስጥ ድምፁን አስቀድሞ ኮምፒውተር ይጽፈዋል፤ የሰው ሥራ በአብዛኛው ያንን እየሰማ ማረም ሆኗል። ማረም ከመጻፍ ይቀላል የሚመስለው ለጀማሪ ነው፤ የተጻፈ ነገር ዓይንን ያሳምናል፣ በተለይ ከላይ ባልኳቸው ድምፃቸው በሚገጥም ቃላት ላይ። ሙያውን የሚመራው የአሜሪካ ማኅበር፣ ኤኤችዲአይ የሚባለው፣ አርኤችዲኤስ የሚል የመግቢያ ደረጃ ፈተና ሲሰጥ ቆይቷል። ቀጣሪዎቹ ሂፓ በሚባለው የ1996 የታካሚ መረጃ ሕግ ስለሚገዙ ሥራውን ለማያውቁት ሰው በቀላሉ አይሰጡም። «መመዝገቢያ ከፍለሽ ነገ ሥራ ትጀምሪያለሽ» የሚል የቴሌግራም ቻናል ካገኙ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።

ክፍያው የሚሰላው በተለምዶ በመስመር ነው፤ አንድ መስመር ማለት ክፍተትን ጨምሮ 65 ፊደል ነው። ወርድ ላይ የቃል ቆጠራውን ሲከፍቱ ክፍተትን ጨምሮ የሚለውን ቁጥር ለ65 ያካፍሉ፤ 2,600 ከሆነ 40 መስመር ነው። ከማንም ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት አሁን ባሉበት ሥራ ለሁለት ሳምንት በሰዓት ስንት መስመር እንደሚያወጡ ይመዝግቡ፤ የሚቆጠረው ግን ሐኪሙ ሳይመልሰው የፈረመበት ሪፖርት ብቻ ይሁን።